ቀላል የጽሑፍ አርታዒ እና የኮድ አርታዒ

የጽሑፍ አርታዒ፣ በተለምዶ ኤዲተር የሚባለው፣ ግልጽ ጽሑፍን ለመጻፍ፣ ለማንበብና ለማረም የሚያገለግል የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። በሁለት ሰፊ ወገኖች ይከፈላል። ቀላል የጽሑፍ አርታዒ እንደ ኖትፓድ ያለ ሲሆን ፋይል ከፍቶ ከመጻፍ፣ ቃል ከመፈለግና ከማስቀመጥ ብዙም አያልፍም። የኮድ አርታዒ ደግሞ እንደ ቪዡዋል ስቱዲዮ ኮድ (ባጭሩ ቪኤስ ኮድ) ያለ ነው፤ ኮድን በቀለም ይለያል፣ ስህተትን ያመለክታል፣ ብዙ ፋይሎችን በአንድ ጊዜ ይፈትሻል፣ የተጻፈውንም ፕሮግራም እዚያው ያስኬዳል።

ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል ለመወሰን ሦስት ነገሮች ይታያሉ፦ የሚሠራው ሥራ፣ የኮምፒውተሩ አቅምና የሚጻፍበት ፊደል። በላቲን ፊደል ብቻ የሚጽፍ ሰው ሦስተኛውን ብዙ ጊዜ አያስበውም። በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ግን ከሁሉ የሚቀድመው እርሱ ነው፤ ባልተስማማ አቀማመጥ የተቀመጠ የግዕዝ ፊደል ጽሑፍ ወደ ጥያቄ ምልክት ተለውጦ ላይመለስ ይችላልና።

ግልጽ ጽሑፍ ምንድን ነው

ግልጽ ጽሑፍ ከቁምፊዎች በቀር ሌላ ነገር የሌለበት ጽሑፍ ነው። የፊደል መጠን፣ ደማቅ ወይም ዘመም አጻጻፍ፣ ሥዕልም ሆነ የገጽ ኅዳግ በውስጡ አይቀመጥም። ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን ፊደል፣ ክፍት ቦታና ሥርዓተ ነጥብ በቁጥር ይመዘግባል። የትኛው ፊደል በየትኛው ቁጥር እንደሚመዘገብ የሚወስነው ስምምነት ኢንኮዲንግ ይባላል።

እንደ ማይክሮሶፍት ወርድ ያሉ የቃላት ማቀናበሪያዎች ከዚህ ይለያሉ። የወርድ ፋይል ከጽሑፉ ጋር ስለ ገጹ አቀማመጥና ስለ ፊደሉ መልክ ብዙ መረጃ ይይዛል። በዚህ ምክንያት የፕሮግራም ኮድ በወርድ አይጻፍም። ወርድ በራሱ ጊዜ ቀጥ ያለውን የጥቅስ ምልክት ወደ ጎባጣ ይለውጣል፤ የፕሮግራም ቋንቋዎች ደግሞ ጎባጣውን እንደ ጥቅስ ምልክት አይቀበሉትም። ቀላሉም የጽሑፍ አርታዒ ሆነ የኮድ አርታዒው የተጻፈውን እንዳለ ያስቀምጣሉ።

ስለዚህ የግልጽ ጽሑፍ ፋይል የየትኛውም አርታዒ ንብረት አይደለም። ዛሬ በኖትፓድ የተጀመረ ፋይል ነገ በቪኤስ ኮድ ሊቀጥል፣ ከዚያም በሌላ ኮምፒውተር ላይ በቪም ሊታረም ይችላል። አርታዒ መምረጥ መሣሪያ መምረጥ ነው፤ መሣሪያው ቢቀየር ሥራው አይጠፋም።

አጭር ታሪክ

ኤድ የሚባለውን የዩኒክስ አርታዒ ኬን ቶምፕሰን እ.ኤ.አ. በ1969 በቤል ላቦራቶሪዎች ጻፈ። ጊዜው ውጤት በወረቀት ላይ የሚታተምበት ስለነበረ ተጠቃሚው ሙሉውን ገጽ አያይም፤ በመስመር ቁጥር እያዘዘ አንድ አንድ መስመር ያርም ነበር። ስክሪን ሲስፋፋ፣ እ.ኤ.አ. በ1976 ቢል ጆይ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ ቪአይ የተባለውን አርታዒ ሠራ። በዚያው ዓመት ኢማክስ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተጀመረ፤ የሪቻርድ ስቶልማን ግኑ ኢማክስ ደግሞ በ1985 ወጣ። ኖትፓድ ከመጀመሪያው የማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ጋር በዚሁ በ1985 ቀረበ። ብራም ሞሌናር ቪአይን አሻሽሎ ቪምን ያወጣው በ1991 ነው።

ከ2000 ወዲህ በሁለቱ ወገኖች መካከል ያለው ርቀት ሰፋ። በዶን ሆ የተሠራው ኖትፓድ ፕላስ ፕላስ በ2003 ወጣ፤ ቀላልነቱን ሳይለቅ የኮድ ቀለምና በአንድ መስኮት ብዙ ፋይል የመክፈት ችሎታ ስላለው በሁለቱ መካከል የሚቀመጥ ነው። ሰብላይም ቴክስት በ2008፣ አተም በ2014፣ ቪኤስ ኮድ በ2015 ተከተሉ። አተም በታኅሣሥ 2022 ሥራው ተቋርጦ ሲዘጋ ተጠቃሚዎቹ ፋይሎቻቸውን እንዳሉ ይዘው ወደ ሌላ አርታዒ ተሻገሩ።

በ2016 ማይክሮሶፍት ከሌሎች ድርጅቶች ጋር የላንጉዌጅ ሰርቨር ፕሮቶኮልን ይፋ አደረገ። ይህ አርታዒና የፕሮግራም ቋንቋ መረጃ የሚለዋወጡበት የጋራ ስምምነት ነው። ከዚያ በፊት ለእያንዳንዱ አርታዒ የእያንዳንዱን ቋንቋ ድጋፍ ለብቻ መሥራት ያስፈልግ ነበር። ከዚያ በኋላ ለአንድ ቋንቋ አንዴ የተሠራ ድጋፍ በቪኤስ ኮድም፣ በቪምም፣ በኢማክስም ሊያገለግል ቻለ።

የግዕዝ ፊደል በአርታዒዎች

በኮምፒውተር የአማርኛ ጽሑፍ የመጀመሪያ ዓመታት የጋራ ኢንኮዲንግ አልነበረም። የአማርኛ ሶፍትዌሮች የግዕዝ ፊደላትን በላቲን ፊደላት ቁጥር ላይ አስቀምጠው በራሳቸው ፎንት ያሳዩ ነበር። እንዲህ የተጻፈ ሰነድ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ፣ ወይም ፎንት በማይመርጥ ቀላል አርታዒ ውስጥ ሲከፈት፣ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ድርድር ሆኖ ይታያል። ዛሬም በየቢሮው ያሉ አሮጌ ፋይሎች ሲከፈቱ ይህ ያጋጥማል።

በ1990ዎቹ ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ «ሰራ» የተባለውን የግዕዝ ፊደልን በላቲን ቁልፎች የመወከያ ሥርዓት አዘጋጁ። በጃፓን የኤሌክትሮቴክኒክ ላቦራቶሪ የተጀመረው የብዙ ቋንቋዎች ድጋፍ በ1997 ወደ ኢማክስ 20 ሲገባ የግዕዝ ፊደል መጻፊያ አብሮ ገባ፤ የመጻፊያውን ክፍል ያዘጋጀው ናኦቶ ታካሃሺ ነበር። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ከመታወቁ በፊት በአማርኛ ከሚያጽፉ የፕሮግራመር አርታዒዎች አንዱ ኢማክስ እንደነበረ ከዚህ ይታያል።

ዩኒኮድ 3.0 በ1999 ሲወጣ 345 የግዕዝ ቁምፊዎችን ይዞ ወጣ። በ2005፣ በ2010ና በ2021 በወጡት ስሪቶች ተጨማሪ ቁምፊዎች ገብተዋል። ከዚያ ወዲህ «ሀ» የትም ቢጻፍ አንድ ቁጥር አለው። ዩኒኮድን በፋይል ለማስቀመጥ በሰፊው የሚሠራበት ኢንኮዲንግ ዩቲኤፍ-8 ሲሆን፣ የላቲን ፊደል በአንድ ባይት፣ የአማርኛ ፊደል ደግሞ በሦስት ባይት ይቀመጥበታል።

ቀሪው ጉዳይ ፊደሉን ማሳየት ነበር። በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለ የግዕዝ ፎንት ይዞ መጣ። ስሙ የተወሰደው በኢትዮጵያ ብቻ ከሚገኘው የደጋ አጋዘን ነው፤ ይህ እንስሳ በብዛት የሚኖረው በባሌ ተራሮች ነው። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ኤብሪማ የተባለውም ፎንት የግዕዝ ፊደልን ያሳያል።

የቀላል አርታዒ ጠባይ

ቀላል አርታዒ ወዲያው ይከፈታል፣ ትንሽ ሜሞሪ ይወስዳል፣ የሚማሩት ብዙ ነገር የለውም። አጭር ማስታወሻ ለመጻፍ፣ አንድ የቅንብር ፋይል ለማስተካከል ወይም ከድረ ገጽ የተቀዳን ጽሑፍ ከጌጡ አራቁቶ ለማስቀመጥ ይበቃል። በሰርቨር ላይ መስኮትና መዳፊት በማይኖርበት ጊዜ እንደ ናኖና ቪአይ ያሉ በተርሚናል የሚሠሩ አርታዒዎች ብዙውን ጊዜ ብቸኛው አማራጭ ናቸው።

ገደቡም ግልጽ ነው። የድሮው ኖትፓድ በዊንዶውስ 95ና 98 ከ64 ኪሎባይት የሚበልጥ ፋይል አይከፍትም ነበር። እስከ 2018 ድረስ በሊኑክስ የተጻፈን ፋይል መስመር ሳይለይ አንድ ላይ አያይዞ ያሳይ ነበር። ለአማርኛ ጸሐፊ ግን ከሁሉ የከፋው እስከ 2019 የቆየው ልማዱ ነው፦ ተጠቃሚው ሌላ ካልመረጠ በቀር ፋይልን የሚያስቀምጠው አንሲ በተባለው የቆየ ኢንኮዲንግ ነበር። አንሲ ለግዕዝ ፊደል ቦታ የለውም። ኖትፓድ ማስጠንቀቂያ ያሳያል፤ ተጠቃሚው ሳያነብ «እሺ» ካለ ግን እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል በጥያቄ ምልክት ተተክቶ ይቀመጣል። ይህ የፎንት ችግር አይደለም። የፊደሉ ቁጥር ራሱ ስለጠፋ ፋይሉን በሌላ አርታዒ መክፈት አያድነውም። ከ2019 የዊንዶውስ 10 ማሻሻያ ወዲህ የኖትፓድ መነሻ ምርጫ ዩቲኤፍ-8 ሆኗል፤ አሮጌ ዊንዶውስ ባለባቸው ኮምፒውተሮች ላይ ግን አደጋው አለ።

የኮድ አርታዒ ጠባይ

የኮድ አርታዒ የሚጻፈው ነገር ምን እንደሆነ ለማወቅ ይሞክራል። የፋይሉን ዓይነት ለይቶ ቁልፍ ቃላትን፣ ቁጥሮችንና በጥቅስ ውስጥ ያሉ ጽሑፎችን በተለያየ ቀለም ያሳያል። ያልተዘጋ ቅንፍን ያመለክታል፣ የተጀመረን ስም ያሟላል፣ አንድን ስም በፕሮጀክቱ ሁሉ ይቀይራል። ጊት ከተባለው የለውጥ መከታተያ ጋር ስለሚሠራ ምን እንደተለወጠ ከቀድሞው ጋር አስተያይቶ ማሳየት ይችላል። ቪኤስ ኮድ፣ ኖትፓድ ፕላስ ፕላስና መሰሎቻቸው የፋይሉን ኢንኮዲንግ በመስኮቱ ግርጌ ያሳያሉ፤ ስህተት ከሆነም በሌላ ኢንኮዲንግ ዳግም ለመክፈት ያስችላሉ።

የኮድ አርታዒ ዋጋውም አለው። ቪኤስ ኮድ ኤሌክትሮን በተባለ ሥርዓት ላይ የቆመ ስለሆነ በውስጡ ሙሉ የድር ማሰሻ እንደመያዝ ነው። ከመጫኛው በተጨማሪ ለየቋንቋው ተጨማሪ ክፍሎች ማውረድ ያስፈልጋል። ጀማሪው ብዙ ምናሌና ማስታወቂያ ስለሚያጋጥመው ኮድ ከመማሩ በፊት አርታዒውን ለማስተካከል ጊዜ ሊያባክን ይችላል።

ምሳሌ፦ ከደሎ መና የተሰበሰበ መዝገብ

የሁለቱ ልዩነት በአንድ የሥራ ምሳሌ ጎልቶ ይታያል። ደሎ መና ከጎባ በስተ ደቡብ፣ የሳነቴን አምባና የሐረናን ደን አቋርጦ የሚደረስበት የባሌ ቆላማ አካባቢ ሲሆን በጫካ ቡናው ይታወቃል። አንድ ተማሪ ከሮቤ፣ ከጎባና ከደሎ መና የተሰበሰበ የቡና ግዢ መዝገብ ደረሰው እንበል። ፋይሉ በነጠላ ኮማ የተለያዩ ሦስት ዓምዶች አሉት፦ ቦታ፣ ቀንና ኪሎ። ሦስት ሺህ መስመር ሲሆን የጻፉት የተለያዩ ሰዎች ናቸው።

የመጀመሪያው ችግር የአጻጻፍ ልዩነት ነው። አንዱ «ደሎ መና»፣ ሌላው «ደሎ ሜና»፣ ሦስተኛው «ዴሎ መና» ብሎ ይጽፋል። ሐረናም «ሀረና»፣ «ሃረና» ወይም «ኀረና» ይሆናል። ጎባ አንዳንዴ «ጐባ» ተብሎ ይጻፋል። አንባቢ ሁሉንም አንድ አድርጎ ያነባል፤ ለኮምፒውተር ግን እያንዳንዱ የተለየ ቃል ነው። የቡናው ድምር በቦታ ስም ቢሠራ የደሎ መና ቡና በሦስትና በአራት ቦታ ተከፋፍሎ ከሚገባው ያነሰ ሆኖ ይታያል። ዘገባውን የሚያነብ ሰውም ከደሎ መና ጥቂት ቡና እንደተገዛ ይደመድማል።

በኖትፓድ እያንዳንዱን አጻጻፍ ለብቻ እየፈለጉ መተካት ያስፈልጋል፤ ያልታሰበ አጻጻፍም ሳይታይ ያልፋል። የኮድ አርታዒ ግን ሬጉላር ኤክስፕሬሽን በተባለው የፍለጋ ስልት ይፈልጋል። በዚህ ስልት በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ የተደረደሩ ፊደላት «ከእነዚህ አንዱ» ማለት ናቸው፤ የኮከብ ምልክት ደግሞ «ከፊቱ ያለው ቢኖርም ባይኖርም፣ ቢደጋገምም» ማለት ነው። ስለዚህ፦

[ደዴ]ሎ *[መሜ]ና

የሚለው ፍለጋ ሦስቱንም አጻጻፎች፣ እንዲሁም ክፍት ቦታ የሌለውን «ደሎመና»ን እና ሁለት ክፍት ቦታ የገባበትን ያገኛል። በተመሳሳይ «[ሀሃሐሓኀኃ]ረና» እና «[ጎጐ]ባ» ሌሎቹን ስሞች ይሰበስባሉ። እንደ ሀ፣ ሐና ኀ፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ ያሉ ድምፃቸው አንድ የሆነ ፊደላት ስላሉ ይህ የፍለጋ ስልት ለአማርኛ ጽሑፍ እጅግ ይጠቅማል። ኮድ የማይጽፍ አርታዒ፣ ጋዜጠኛ ወይም የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛም ለዚህ ሲል ብቻ የኮድ አርታዒ መጠቀም ይችላል።

ኃይለኛ መሣሪያ ግን በአንድ ትእዛዝ ሁሉንም ሊያበላሽም ይችላል። «ሮቤ» የሚለውን ሁሉ «ባሌ ሮቤ» በሚል ለመተካት የሞከረ ሰው «ሮቤል» የተባለውን የሰው ስም «ባሌ ሮቤል» አድርጎት ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ከመተካት በፊት የተገኙትን ዝርዝር ማየትና የፋይሉን ቅጂ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ችግር ርዝመት ነው። «ደሎ መና» አራት ፊደልና አንድ ክፍት ቦታ፣ በድምሩ 5 ቁምፊ ነው። በዩቲኤፍ-8 ሲቀመጥ ግን 13 ባይት ይሆናል። የመረጃ ቋቱ ለቦታ ስም 12 ባይት ብቻ ከፈቀደ የመጨረሻዋ «ና» መሃል ላይ ትቆረጥና የማይነበብ ምልክት ትሆናለች።

ሦስተኛው ችግር ፋይሉ ወደ ኤክሴል ሲሄድ ይመጣል። በዩቲኤፍ-8 የተቀመጠ ሲኤስቪ ፋይል በቀጥታ በኤክሴል ሲከፈት አማርኛው ሊበላሽ ይችላል። ፋይሉ «ዩቲኤፍ-8 ከቦም ጋር» በሚለው አማራጭ ከተቀመጠ ኤክሴል ኢንኮዲንጉን ይለያል። ቦም በፋይሉ መጀመሪያ የሚገባ የማይታይ ምልክት ነው። ለኤክሴል የሚጠቅመው ይህ ምልክት አንዳንድ ፕሮግራሞችን ስለሚያውክ ኮድ የሚቀመጠው ያለ ቦም ነው።

ሥርዓተ ነጥብ፣ አኃዝና ሁዳ

በአማርኛ የቁልፍ ሰሌዳ ኮድ የሚጽፍ ሰው ሌላ ወጥመድ ያጋጥመዋል። የግዕዙ ሁለት ነጥብ «፡» ከላቲኑ «:» ጋር በመልክ እጅግ ይመሳሰላል፤ ቁጥራቸው ግን የተለያየ ነው። በፓይተን የሁኔታ መስመር መጨረሻ ላይ የግዕዙ ሁለት ነጥብ ከገባ ፕሮግራሙ «ያልተፈቀደ ቁምፊ» የሚል ስህተት ሰጥቶ ይቆማል። «፤» በ«;» ቦታ ሲገባም እንዲሁ ነው። በቀላል አርታዒ ሁለቱን በዓይን መለየት አስቸጋሪ ሲሆን፣ የፓይተን ድጋፍ የተጫነበት የኮድ አርታዒ ግን ከስሩ በቀይ ያሰምርበታል።

የግዕዝ አኃዝም ተመሳሳይ ነው። ፓይተን «5»ን ወደ ቁጥር ይለውጣል፤ «፭»ን ግን አይቀበልም። የግዕዝ አኃዝ ዜሮ የሌለውና በቦታ የማይቆጠር በመሆኑ ዩኒኮድ ከአሥርዮሽ አኃዞች ጋር አልመደበውም። ፊደላቱ ግን ይፈቀዳሉ፦ በ2008 ከወጣው ፓይተን 3 ጀምሮ የተለዋዋጭን ስም «ዋጋ» ወይም «ኪሎ» ብሎ በግዕዝ ፊደል መጻፍ ይቻላል።

በባሌ በስፋት የሚነገረው አፋን ኦሮሞ የሚጻፍበት ቁቤ ደግሞ የራሱ ጉዳይ አለው። ሁዳ የተባለው ምልክት በብዙ ቃላት መካከል ይገባል፤ ለምሳሌ ወርን በሚያመለክተው «ጂአ» በሚለው ቃል ውስጥ አለ። ሁዳ የሚጻፍበት ቁልፍ ብዙ የፕሮግራም ቋንቋዎች ጥቅስ የሚከፍቱበትና የሚዘጉበት ነጠላ ጥቅስ ነው። በነጠላ ጥቅስ መካከል ሁዳ ያለበት ቃል ሲገባ ቋንቋው ጥቅሱ እዚያ ያለቀ ይመስለዋል። በኮድ አርታዒ ከሁዳው በኋላ ያለው ቀለም ስለሚለወጥ ስህተቱ ወዲያው ይታያል፤ መፍትሔው ቃሉን በድርብ ጥቅስ ውስጥ ማስገባት ነው።

የኮድ አርታዒም ሊፈታው የማይችለው ነገር አለ። ለኮድ የሚመረጡ ፎንቶች ሁሉም ፊደላቸው እኩል ስፋት ያለው ሲሆን ብዙዎቹ የግዕዝ ፊደል የላቸውም። አርታዒው ፊደሉን ከሌላ ፎንት ሲያመጣ ስፋቱ ስለሚለያይ በክፍት ቦታ የተሰለፉ ዓምዶች ይዛነፋሉ። በቪምና በቪአይ ደግሞ ትእዛዞች የላቲን ቁልፎች ስለሆኑ የአማርኛ የቁልፍ ሰሌዳ ክፍት ሆኖ ሲቀር ትእዛዞቹ አይሠሩም። ቪም ለዚህ ኪማፕ የተባለ ዘዴ አለው፤ በዚህ ዘዴ ፊደሉ የሚለወጠው ጽሑፍ በሚገባበት ጊዜ ብቻ ነው።

የኮምፒውተር አቅም፣ መብራትና ኢንተርኔት

በሮቤ በሚገኘው መዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ያለ ተማሪና በደሎ መና በአሮጌ ላፕቶፕ የሚማር ተማሪ አንድ ዓይነት ምርጫ አይኖራቸውም። የቪኤስ ኮድ አዘጋጆች ቢያንስ 1.6 ጊጋኸርዝ ፕሮሰሰርና 1 ጊጋባይት ራም ያስፈልጋል ይላሉ። ከዚህ ጋር የድር ማሰሻና የቋንቋ ድጋፍ አብረው ሲከፈቱ ፍላጎቱ ይበልጣል። የኖትፓድ ፕላስ ፕላስ መጫኛ ከ10 ሜጋባይት በታች ስለሆነ በፍላሽ ይዞ ለመዞርም በቀስታ ኢንተርኔት ለማውረድም ይመቻል። የቪኤስ ኮድ ተጨማሪ ክፍሎች ኢንተርኔት ባለበት ቦታ በፋይል ተወርደው ኢንተርኔት በሌለው ኮምፒውተር ላይ ሊጫኑ ይችላሉ።

መብራት ሲቋረጥ ያልተቀመጠ ጽሑፍ ምን ይሆናል የሚለውም ከመምረጥ በፊት መታየት አለበት። የድሮው ኖትፓድ ያልተቀመጠውን አይመልስም። ቪም የመጠባበቂያ ፋይል በየጊዜው ይጽፋል፤ ኖትፓድ ፕላስ ፕላስና ቪኤስ ኮድም ያልተቀመጡ ፋይሎችን ቅጂ ይይዛሉ። ባትሪው ያለቀ ወይም በኤሌክትሪክ ብቻ የሚሠራ ኮምፒውተር ያለው ሰው ለዚህ ችሎታ ሲል ብቻ ከቀላሉ አርታዒ አንድ ደረጃ ከፍ ቢል ይጠቀማል።

ስልክ ብቻ ያለው ተማሪም አማራጭ አለው። ለምሳሌ ፓይድሮይድ 3 በአንድሮይድ ስልክ ላይ ያለ ኢንተርኔት የፓይተን ኮድ ለመጻፍና ለማስኬድ ያስችላል።

ለጀማሪ የሚሻለው

በ2024 «አምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች» የተባለው አገር አቀፍ የኢንተርኔት ሥልጠና ከተጀመረ ወዲህ ኮድ የሚጀምሩ ሰዎች ይህን ጥያቄ ደጋግመው ያነሳሉ። በመምህራን ዘንድም ሁለት አስተያየቶች አሉ።

አንደኛው ጀማሪ በቀላል አርታዒ ቢጀምር ይሻላል የሚል ነው። አርታዒው ቃሉን ካላሟላለት ተማሪው እያንዳንዱን ምልክት ራሱ ይጽፋል፣ ፋይል የት እንደተቀመጠና ፕሮግራም እንዴት እንደሚነሳ ይረዳል። ፈተና በወረቀት በሚሰጥበት ትምህርት ቤት ይህ ልማድ በቀጥታ ይጠቅማል። ሁለተኛው አስተያየት ተማሪው በአንዲት የጠፋች ቅንፍ ምክንያት ሰዓታት ማባከን የለበትም ይላል፤ ስህተቱን ወዲያው የሚያሳይ መሣሪያ ድፍረት ይሰጠዋል፣ በሥራ ቦታም የሚጠብቀው ይኸው መሣሪያ ነው።

ሁለቱን ማስታረቅ ይቻላል። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ፕሮግራሞች በቀላል አርታዒ ጽፎ ከተርሚናል ማስኬድ፣ ከዚያ ወደ ኮድ አርታዒ ተሻግሮ ቀለሙንና የስህተት ምልክቱን ብቻ ክፍት ማድረግ፣ ራሱ የሚያሟላውን ክፍል ደግሞ መሠረቱ ከተያዘ በኋላ መጨመር አንዱ መንገድ ነው።

የምርጫ መመዘኛ

ቀላል የጽሑፍ አርታዒ የሚበቃው፦
* ሥራው አንድ አጭር ፋይል ሲሆን፣
* ኮምፒውተሩ ደካማ ሲሆን ወይም ሥራው በሰርቨር ላይ ሲሆን፣
* ተማሪው የፕሮግራምን መሠረት በመጀመር ላይ ሲሆን።

የኮድ አርታዒ የሚያስፈልገው፦
* ፕሮጀክቱ ብዙ ፋይሎች ሲኖሩት፣
* ብዙ ሰዎች በጋራ ሲሠሩና ለውጦችን መከታተል ሲያስፈልግ፣
* በረጅም የአማርኛ ጽሑፍ ውስጥ የተለያዩ አጻጻፎችን ፈልጎ ማስተካከል ሲያስፈልግ፣
* የግዕዝና የላቲን ፊደል በአንድ ፋይል ሲቀላቀሉ።

በመካከል ላሉ ሥራዎች እንደ ኖትፓድ ፕላስ ፕላስ ያለ ቀለል ያለ የኮድ አርታዒ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

የትኛውም ቢመረጥ ሦስት ልማዶች አይቀሩም። ፋይሉ በዩቲኤፍ-8 መቀመጡን ከመዝጋት በፊት ማረጋገጥ፤ ፋይሉን በሚያነበው ፕሮግራም ውስጥም ኢንኮዲንጉን በግልጽ መጻፍ፣ ምክንያቱም በዊንዶውስ ላይ ብዙ የፓይተን ስሪቶች ካልተነገራቸው በቀር የቆየውን ኢንኮዲንግ ይወስዳሉ፤ እንዲሁም ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ ከመተካት በፊት ቅጂ ማስቀመጥ። እነዚህ ከተጠበቁ በአንዱ አርታዒ የተጻፈ የአማርኛ ጽሑፍ በሌላውም ሳይበላሽ ይከፈታል።

ደግሞ ይዩ

* ዩኒኮድ
* የግዕዝ ፊደል
* ቁቤ
* ፓይተን
* ደሎ መና